ያልተጠለፈው እጅጌ

ቄሱ ከመድረኩ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው «ሀልቫር የማትስ ልጅና ባርብሮ የኤሪክ ልጅ ሊጋቡ አስበዋል፤ የሚቃወም ካለ ይናገር፤ ይህ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው» ሲሉ፣ ባርብሮ የያዘችው የመዝሙር መጽሐፍ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ሸሚዙ ድንገት ትዝ ብሏት ነው።

እንዴት እስከዚያች ሰዓት ሳታስበው እንደቀረች እኔም አላውቅ። በስዊድን፣ ዳላርና በሚባለው አውራጃ፣ ሙሽራ ያለ ሸሚዝ አይዳርም። ሴቲቱ በገዛ እጇ ጠልፋ ትሰጠዋለች፣ የሠርጉ ዕለት ይለብሰዋል፣ ከዚያ ታጥቦ ሣጥን ይገባና እስኪሞት ድረስ ማንም አይነካውም። ሲሞት እሱኑ ለብሶ ይቀበራል። አንድ ሸሚዝ ለሁለት ቀን ነው። አሮጊቶቹ ደግሞ ሦስተኛ ቀን ይጨምሩበታል፦ በትንሣኤ ሰው የሚነሣው በተቀበረበት ሸሚዝ ነው ይላሉ። ቄሱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ግን አሮጊቶቹ ከቄሱ በፊት የነበሩ ናቸው፣ ማን ሊያርማቸው።

የሰኔ መጀመሪያ ነበር። ሰንበት ሰንበት መንደሩ በሙሉ ሐይቁን አቋርጦ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው በረዣዥም ጀልባዎች ነው፣ አሥር መቅዘፊያ በአንድ ጎን፣ አሥር በሌላው። ሲመለሱ ባርብሮ ከእናቷ ከዮሊን ጎን ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ስትጠመዝዝ ስትለቅ፣ ስትጠመዝዝ ስትለቅ ቆየች።

«እማ፣ ሸሚዝ የለኝም» አለች በመጨረሻ።

«የምን ሸሚዝ?»

«የሀልቫር።»

ዮሊን ሳቀች። «ሣጥንሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ታዲያ፣ የድንች ጆንያ?»

«እሱማ የሂንድሪክ ነው።»

«ቀስ በይ፣ እህቱ ከኋላችን ናት።» ዮሊን ወደ ልጇ ጠጋ አለች። «ደግሞስ ሸሚዙ የማነኝ ይላል? ደረቱ ላይ የጠለፍሽውን አንብቢው እስቲ። የራሱ ስም ፊደል፣ የአባቱ ፊደል፣ ሦስተኛዋ ‹ልጅ›። ሂንድሪክ የማትስ ልጅ፣ ሀልቫር የማትስ ልጅ። ያቺ የአጥር በር የምትመስለዋ H ፊደል ለሁለቱም ትሆናለች። እግዜር ራሱ አስቦልሽ እኮ ነው።»

«እግዜር ነው ያሰበው ወይስ አንቺ?»

«ሁለታችንም» አለች ዮሊን፣ ቅር ሳይላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ባርብሮ ለሂንድሪክ ታጭታ ነበር። ሂንድሪክ የመንደሩ ወንዶች እንደሚያደርጉት ስቶክሆልም ለሥራ ወረደ፣ ለከርሞ መከር እመለሳለሁ ብሎ፣ አልቅሶ፣ አስለቅሶ ሄደ። እሷ ክረምቱን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ሸሚዙን ጠለፈች፤ ነጭ ክር በነጭ በፍታ ላይ፣ ክር እየቆጠሩ፣ ክር እየመዘዙ የሚሠራ ዓይን የሚያጠፋ ሥራ። በጸደይ ወሬው መጣ፦ ሂንድሪክ እዚያው ቢራ ጠማቂ ባሏ የሞተባትን ሴት አግብቷል። መንደሩ «ባርብሮን ትቶ በርሜል አገባ» እያለ አንድ በጋ ሳቀ። ባርብሮ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ሸሚዙን አጣጥፋ ከሣጥኗ ግርጌ ቀበረችው፤ ያን ዕለት እንባዋም አብሮ የተቀበረ ይመስል ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የሚባል ነገር ከዓይኗ አልወጣም።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህን እናቷም አታውቅም። በአንገትጌው ውስጥ፣ በሁለቱ ድርብ ጨርቅ መሀል፣ ባርብሮ ከራሷ ራስ ሦስት ፀጉር ነቅላ ሰፍታበት ነበር፤ የሚወዱት ሰው ልቡ እንዳይሸፍት። ያው እንዳያችሁት አልሠራም።

«አዲስ እጠልፋለሁ» አለች ጀልባው ዳር ሲደርስ።

«በሦስት ሳምንት? ያኛው አምስት ወር ፈጅቶብሽ?»

«በሦስት ሳምንት።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ዮሊን፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች።

ባርብሮ በማግስቱ በፍታውን ቆርጣ ጀመረች። ሰኔ ላይ እዚያ አገር ጨለማ የሚባል ነገር ስለሌለ ብርሃን አልተቸገረችም፤ የተቸገረችው መቀመጥ ነበር። ቁጭ ትላለች፣ አሥር ክር ትቆጥራለች፣ ብድግ ትላለች። ላሟን ታያለች፣ ገንፎውን ታማስላለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ቁጭ። እንዲህ ሆና ደግሞ የሚወጣው ጥልፍ የሚገርም ነበር፤ እያንዳንዱ ኮከብ በመስመር የተሰመረ፣ አንድ ክር እንኳ ያልሳተ። የቀኝ እጅጌው ጫፍ በአምስተኛው ቀን አለቀ።

ዮሊን እጅጌውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። በመንደሩ ከእሷ የተሻለ መርፌ የሚይዝ አልነበረም፤ ጥልፍ ስታይ የጠላፊዋን ሆድ የምታነብ ሴት ናት፤ «ይቺ ስትጠልፍ ተጣልታ ነበር፣ ይቺ ርቧት ነበር» ትላለች፣ አትስትም።

«ቀጥ ያለ ነው» አለች።

«ቀጥ ማለቱ ምን ነውር አለበት?»

«ምንም። የሂንድሪኩን ስትጠልፊ ግን እጅሽ ትኩሳት ነበረው። አንዱ ኮከብ እግሩ ረዝሟል፣ አንዱ ጎብጧል፣ ስታይው አንጀትሽን ይበላዋል። ይሄ…» እጅጌውን መለሰችላት። «ይሄ ከአንገት በላይ ነው ልጄ።»

«አሁን አንገትጌውን ልጀምር ነው። ከአንገት በላይ ካልሆነ የት ላድርገው?»

ዮሊን ሳቅ አመለጣት፤ ባርብሮ ግን የሳቀችው በከንፈሯ ብቻ ነው። ቃሉ ገብቷል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መርፌዋ ጨርቁን በወጋ ቁጥር «ከአንገት በላይ፣ ከአንገት በላይ» የሚላት ይመስላት ጀመር።

ሀልቫርን ትጠላዋለች ብላችሁ እንዳታስቡ። ሀልቫር ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጀልባ ሠሪ፣ እጁ ሁልጊዜ ዝፍት ዝፍት የሚል፣ ቃሉ ጥቂት የሆነ ሰው። ግን «አንባቢ» ነው። አንባቢዎች የሚሏቸው ሰንበት ከሰዓት በኋላ በየሰው ቤት ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡትን፣ የሚዘምሩትን፣ ቆመው ልባቸውን የሚናዘዙትን ነው። ቄሱ አይወዷቸውም። መንደሩ ያሾፍባቸዋል፤ በተለይ በሀልቫር፣ ያ ዝምተኛ ሰው ጸሎት ላይ እንደ ሕፃን ስለሚያለቅስ፣ «ሐይቁ ዘንድሮ የሞላው ሀልቫር ጸልዮበት ነው» ይላሉ። ባርብሮ ከታጨች ወዲህ ከጉባኤው አንድም ሰንበት አልቀረችም። ሴቶቹ ግራ ቀኝ ሲያለቅሱ እሷ እንደ ደረቅ እንጨት ትቀመጣለች፤ ሲወጡ «ልብሽ ተነካ እህቴ?» ይሏታል፤ «እያየሁ ነው» ትላለች። ሰው የሚያለቅስ ወንድ ሲያይ ይራራል። እሷ ትዝ የሚላት ሂንድሪክ ነው፣ ጀልባው ላይ ሆኖ ያፈሰሰው እንባ።

ሁለተኛው ሰንበት መጣ። ቄሱ ሁለተኛውን ማስታወቂያ አነበቡ፣ ማንም አልተናገረም። ከሰዓት በኋላ አንባቢዎቹ በአንድ ሰፊ ቤት ተሰበሰቡ፤ ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ። ከባርብሮ ጎን ኤልና ተቀምጣለች፣ የሂንድሪክ እህት፣ ምላሷ እንደ መርፌ የሆነች ሴት። መዝሙሩ አለቀ፣ ምንባቡ አለቀ፣ «የሚመሰክር አለ?» ተባለ። ሀልቫር ተነሣ። ከብብቱ አንድ የተጣጠፈ ነጭ ነገር አውጥቶ ዘረጋው።

ባርብሮ ከሩቅ አወቀችው። ግርጌ የተቀበረው ሸሚዝ ነው።

ሙሽራው ሸሚዙን የሚቀበለው ከሦስተኛው ማስታወቂያ በፊት ከሴቲቱ እናት እጅ ነው። ዮሊን አዲሱ እንደማይደርስ አይታ፣ ልጇ ላም ልታልብ ስትወጣ ጠብቃ፣ አሮጌውን ከሣጥን አውጥታ፣ አጥባ፣ አለስልሳ፣ ቅዳሜ ዕለት ወስዳ ሰጥታዋለች። ለልጇ ደግ የሠራች መስሏት ነው፤ ዛሬም ብትጠየቅ እንደዚያው ትላለች።

«እኔ የቃል ሰው አይደለሁም» አለ ሀልቫር። «እዚህ ሳለቅስ ‹ሀልቫር ልቡ ለስላሳ ነው› ትላላችሁ። አይደለም። የማለቅሰው ስለምፈራ ነው። እስከዛሬ እኔን ብሎ፣ በስሜ፣ ማንም ምንም አልሠራልኝም ነበር። እግዚአብሔርም እንደዚያው ይሆናል ብዬ እፈራ ነበር። ትናንት ይሄ መጣልኝ።» ሸሚዙን ከፍ አደረገው። «እኔ የእጅ ሥራ ሰው ነኝ። ሳንቃ አይቼ፣ የጠረበው ሰው ልቡ ጀልባው ላይ ይሁን ምሳው ላይ አውቃለሁ። ይሄን ኮከብ እዩት። እግሩ ረዝሟል። ይሄኛው ጎብጧል። ይሄን የሠራች እጅ ስትንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ዝም ያለ ነው፣ ታውቋታላችሁ፤ አንድ ቀን ትወደኛለች ብዬ እንኳ አላሰብኩም። እንግዲህ ሰው በዝምታ ውስጥ ይህን ያህል ፍቅር ከሸሸገ፣ እግዚአብሔርማ ዝም ሲል ስንት ሸሽጎልን ይሆን?»

ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። ከጀልባ ቀዛፊዎቹ መካከል በሀልቫር ሲያሾፍ የኖረ አንድ ጎረምሳ ሳይቀር ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ሴቶቹ ዞረው ባርብሮን አዩአት፣ አንዷ እጇን ጨበጠቻት። ባርብሮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ኤልና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ቆንጆ ሥራ ነው። ወንድሜም ያምርበት ነበር።»

ባርብሮ የጨበጠቻትን ሴት እጅ ለቀቀች።

«እኔ አፌን እይዛለሁ» አለች ኤልና፣ መዝሙር መጽሐፏን እየዘጋች። «ግን ያን ክረምት መስኮትሽ ሥር ያላለፈ ሰው ማን አለ? ዛሬ ለቅሶው ሸፈነው እንጂ፣ ነገ አንዱ ያስታውሳል። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው ይሻላል።»

እቤት ስትገባ ዮሊን አይብ እየቆረጠች ነበር።

«ሰጠሽው» አለች ባርብሮ።

«ሰጠሁት። ደስ አላለውም?»

«ደስ አለው። በሌላ ሰው ደስታ ነው ደስ ያለው።»

«ደስታ ደስታ ነው» አለች ዮሊን። «ዝም በይ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። እሱ ሸሚዙን አነበበ፣ የሚፈልገውን አገኘ። ከፈለግሽ ተሳስተሻል በይኝ፤ ግን ሰው ትዳሩን ከዚህ ባነሰ ነገር ሲጀምር አይቻለሁ።»

ዝም ማለት ቢቻልማ ማን ይጠላል። ባርብሮ ሰኞ ወደ ጀልባ ቤቱ ሄደች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች። ማክሰኞ ሄደች፣ የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምታ ተመለሰች። ረቡዕ እስከ ግማሽ መንገድ ነው የሄደችው። እቤት ስትመለስ ትቀመጣለች፣ መርፌ ታነሣለች፣ ትጥላለች። ምግብ አልወርድ አላት። እያሰበች የነበረው ስለ ሠርጉ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ መጨረሻው ቀን ነው። ሙታን ሲነሡ፣ ሀልቫር ከመቃብሩ ሲወጣ፣ ሂንድሪክን ሲናፍቅ የኖረ ሸሚዝ ለብሶ፣ በአንገቱ ሥር ለሌላ ወንድ የተሰፋ ፀጉር ይዞ። ለማን ትንገረው? የአሮጊት ተረት ነው ይሏታል።

ሐሙስ ገባች። ሀልቫር ጀልባ ገልብጦ ሥሩን ዝፍት እየቀባ ነበር። ሲያያት ብሩሹን አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ እጁም ሱሪውም ቆሸሸ።

«መጣሽ» አለ። ፊቱ ፈክቶ ነበር። «ሰንበት ሰው ፊት ስለተናገርኩ ተቆጥተሽ መስሎኝ…»

«ሸሚዙ ያንተ አይደለም» አለች ባርብሮ። በሦስት ቀን ውስጥ አሳምራ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፍቶባት የቀረላት ይህ ብቻ ነበር።

«እንዴት?»

«ለሂንድሪክ የጠለፍኩት ነው። ከአምስት ዓመት በፊት። እማ ናት ያመጣችልህ፣ እኔ አላወቅሁም።»

«ፊደሉስ?»

«እሱም የማትስ ልጅ ነው።»

ሀልቫር ሳቀ፣ የደረቀ አንድ ሳቅ። «ስንት ማትስ አለ በዚህ አገር» አለ። ከዚያ ጀልባው ላይ ተደገፈ። ባርብሮ ያለቅሳል ብላ ጠበቀች፤ አላለቀሰም። ፊቱ እንደዚያ ደርቆ አይታው አታውቅም ነበር። ቢያለቅስ ይሻላት ነበር።

«ሰው ፊት አነበብኩት» አለ። «እንደ ወንጌል።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን እዚያው አልነገርሽኝም?»

«ፊትህ በርቶ ነበር። ፈራሁ።» ሌላውንም ልጨርሰው ብላ ቀጠለች። «አንገትጌው ውስጥ ፀጉሬ አለ። ሦስት። ልቡ እንዳይሸፍት ብዬ የሰፋሁት። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ።»

ዝፍቱ እሳቱ ላይ ይፈላል። «ለእኔስ?» አለ በመጨረሻ። «ለእኔ የጠለፍሽው ነገር አለ?»

«እየጠለፍኩ ነው። አንገትጌውና ቀኝ እጅጌው አልቋል። ቀጥ ያለ ነው፤ እማ ግን ከአንገት በላይ ነው አለች።»

«ነው?»

አዎ ብትል ያልቃል። አይደለም ብትል ትዋሻለች። «አላውቅም» አለች። «ግን በሌላ ሰው ሸሚዝ እንድትነሣ አልፈልግም። በትንሣኤ ማለቴ ነው። ከሰንበት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ቁጭ ማለት አቅቶኛል፣ የምፈራው ይህን ብቻ ነው። ሌላ የምነግርህ የለኝም።»

ሀልቫር ብሩሹን አነሣ። «ሂጂ አሁን» አለ፣ ሳያያት። «ሂጂ ባርብሮ። ሰንበት እንተያያለን።»

ዓርብና ቅዳሜ እንዴት እንዳለፉ አልነግራችሁም፤ እሷም አታስታውሳቸውም። ሰንበት ጀልባው ላይ ሀልቫር አልነበረም። የራሱ መቅዘፊያ ሰው አጥቶ ተጋድሞ፣ ቀዛፊዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ዮሊን የልጇን ፊት አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ገባት።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

ዮሊን አፏን በእጇ ያዘች።

ሀልቫር ሐይቁን በእግሩ ዞሮ መጥቶ ነበር፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ በወንዶቹ በኩል መጨረሻው መቀመጫ ላይ ተቀምጧል። ቄሱ ወረቀቱን ዘረጉ። «…ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ማስታወቂያ ነው። የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር።» ባርብሮ ዓይኗን ጨፈነች። አንዱን ሳል ያዘው። ሕፃን ተነጫነጨ። የሀልቫር መቀመጫ ሲጢጥ አለ። ቄሱ ወረቀቱን አጠፉና ወደ መዝሙሩ አለፉ።

ውጭ፣ ጀልባዎቹ ጋ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሀልቫር ወደ እሷ መጣ። ጥቅል ነገር አቀበላት።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለ። «የኔን ስጪኝ።»

ባርብሮ ጥቅሉን ዳሰሰችው። አንገትጌው ተተርትሯል፣ በቢላ፣ በጥንቃቄ። «ፀጉሩስ?»

«አስቀርቼዋለሁ። ፀጉሩ ያንቺ ነው፣ የሂንድሪክ አይደለም።»

«የት አደረግኸው?»

«መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ፣ መዝሙረ ዳዊት ላይ።»

«ኃጢአት አይደለም?»

«ነው» አለ ሀልቫር።

ባርብሮ የምትይዘው የምትለቀው ጠፋት። «ያንተኛው አላለቀም እኮ። ግራ እጅጌው ባዶ ነው። እስከ ሠርጉ አይደርስም፣ ሮጬ ብሠራው ደግሞ ያው ቀጥ ያለ ነው የሚሆነው።»

«ባዶውን እለብሳለሁ።»

«ሰው ይስቃል።»

«ሳለቅስም ሲስቁ ነው የኖሩት። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«መቼ ልጨርስልህ ታዲያ?»

«እጅሽ ሲፈልግ» አለ ሀልቫር። «እኔ እንደሆን ልሞት አልቸኮልኩም።»

ያኔ ባርብሮ ሳቀች። ከዓመታት በኋላ የሳቀችው የመጀመሪያ ሳቅ ስለነበረ ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ ቄሱ ሳይቀሩ ዞረው አዩ።

ተጋቡ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ። ሙሽራው ቀኝ እጅጌው ኮከብ በኮከብ፣ ግራው እንደ አልጋ ልብስ ባዶ። ሰው ሳቀ፣ እንዴት አይስቅ። ዮሊን አፍራ አንገቷን ደፍታ ዋለች። ኤልና ብቻ ሽልጦዋን እየቆረሰች «ቢያንስ የዚህኛው ፊደል ማንንም አያሳስትም» አለች፤ ደረቱ ላይ ፊደል የሚባል ነገር አልነበረምና። አሮጌውንስ ብትሉ፣ የመጀመሪያዋ ልጅ ስትወለድ ባርብሮ ቆራርጣ የሕፃን መጠቅለያ አደረገችው። በእነዚያ ጎባጣ ኮከቦች ላይ ሦስት ልጆች ሸኑባቸው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድና ሴቶቹ የጥልፍ ሥራቸውን ሲያወጡ፣ ሀልቫር ከበሩ ላይ ሆኖ ይጠይቃታል።

«እጅጌዬን ጀመርሽው?»

«አልጀመርኩም።»

«እንግዲያው ዘንድሮም አልሞትም» ይላል፣ ጫማውን እያወለቀ።

ሠላሳ አንድ ክረምት እንዲህ አለፈ። መቼ እንደወደደችው ብትጠይቋት አትነግራችሁም፤ ራሷም ቀኑን አታውቀውም። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ አንድ ጸደይ ሀልቫር የሐይቁ በረዶ ከእግሩ ሥር ተሰብሮበት ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ በትኩሳት ነዶ፣ ሁለት ሳምንት ተኛ። ጎረቤቶች «ሸሚዙን ጨርሺ፣ ነውር እንዳይሆን» አሏት። እሷ ሸሚዙን ሳይሆን መርፌዎቿን በሙሉ ሰብስባ፣ ከጎተራው ጀርባ የድንጋይ ካቡ ውስጥ ሸሸገቻቸው። ከዳነ በኋላ ራሷ አጣቻቸው፣ አዲስ መግዛት ግድ ሆነ።

ሀልቫር የሞተው በሠላሳ ሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ነው፣ ዝፍት እየቀባ፣ ብሩሹ በእጁ እንዳለ። አስከሬኑን የሚያጥቡት በማግስቱ ጠዋት ነበር። ባርብሮ ሸሚዙን ከሣጥን አውጥታ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ስትቀመጥ ደግሞ ተቀመጠች፣ ሳትነሣ፤ ውጭ ላሞቹ ሲጮኹ እንኳ ዞር አላለችም። ዓይኗ ደክሟል፣ ክሩን ለመቁጠር ጨርቁን አፍንጫዋ ድረስ ታስጠጋለች፣ ትስታለች፣ ከእንደገና ትቆጥራለች። እንባዋ ጨርቁን ስላራሰው መርፌው አልገባ እያለ አስቸገራት። እንባው ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም።

ትልቋ ልጇ ማሪት ከጎኗ ቆማ ስታያት ቆየች። «እማ፣ ስጪኝ እኔ ልጥለፍልሽ» አለች። «እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ይንቀጥቀጥ።»

ማሪት ሁለቱን እጅጌዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ አየቻቸው። የቀኙ በመስመር የተሰመረ ነው። በግራው አንዱ ኮከብ እግሩ ረዝሟል፣ አንዱ ጎብጧል፣ አንዱ እንዲያውም ኮከብ ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል።

«ይሄ ጠማማ ወጣ። ልተርትረው?»

«አትንኪው» አለች ባርብሮ። «አያትሽ ብታየው ደስ ይላት ነበር።»

ማሪት ውኃ ልታሞቅ ወጣች። አንድ ኮከብ ይቀር ነበር። ባርብሮ ክሩን ከመርፌዋ አወጣች፣ እጇን ከሻሿ ሥር ሰደደች፣ አንድ ፀጉር ነቅላ በመርፌው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሞክራ አስገባችው። የመጨረሻውን ኮከብ በሱ ጨረሰችው። ፀጉሯ ያኔ እንደ በፍታው ነጭ ስለነበር፣ ማሪት ተመልሳ ሸሚዙን ስታጣጥፈው ምንም አላየችም፤ ባርብሮም አልነገረቻትም።